አምስተኛው ጃኬት

ልብስ ሰፊው ሥራ ላይ ሳለ ከአፉ እስፒል የማይለይ ሰው ነበር። አራት፣ አንዳንዴም አምስት እስፒል በከንፈሮቹ ነክሶ ይይዛል፤ ደንበኛ ዋጋ ቢጠይቀው በጣቱ፣ ሥራው የሚደርስበትን ቀን ቢጠይቀው በቅንድቡ ይመልሳል። ሚስቱ፣ «ለጨርቅ በተሠራ እስፒል አፍህን ትሰፋበታለህ» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱ ግን ቀልዱን እንደ ምስጋና ይቀበለዋል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሮ፣ ተናግሮ ካተረፈው ይልቅ ዝም ብሎ ያተረፈው እንደሚበልጥ አረጋግጧልና።

ሱቁ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚጎራበት ጠባብ ክፍል ነው። በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ የጥልፍ መኪና፣ ዳርና ዳሩ በመቀስ የተቦጫጨረ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለው። ከደጁ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል። አግዳሚው የፀጉር አስተካካዩ ንብረት ይሁን እንጂ እኩሌታው የሰፊውን ደጃፍ ይዟል፤ የሚቀመጡበትም ፀጉራቸውን ሊቆረጡ የመጡ ሳይሆኑ ስለ ክለቡ ሊከራከሩ የመጡ ናቸው። ፀጉር አስተካካዩ፣ «ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ፀጉር አያበቅልም እንዴ?» እያለ ያማርራል፤ ሆኖም መቀሱን እንደያዘ ከሁሉ አብልጦ የሚከራከረው እሱ ራሱ ነው።

ሰፊው ለክለቡ የሚሠራው አንድ ሥራ ነበረው። የአሰልጣኞቹን ጃኬት ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የጠለፈው እሱ ነው። ጃኬቱ ሰማያዊና ወፍራም ነው፤ በግራ ደረቱ ላይ የባለቤቱ ስምና የሥራ ድርሻ በነጭ ክር ይጻፍበታል። ክለቡ ቆጣቢ በመሆኑ አሰልጣኝ በተሰናበተ ቁጥር አዲስ ጃኬት አይገዛም። ጃኬቶቹ ከልምምድ በኋላ ዕቃ ቤት መንጠቆ ላይ ይሰቀላሉ፤ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ክልክል ነው። አንድ ሰው እንዲሰናበት ሲወሰን የዕቃ ቤት ኃላፊው ጃኬቱን ከመንጠቆው አውርዶ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ ለሰፊው ያመጣዋል። ሰፊው የቀድሞውን ስም በምላጭ ይተረትርና በካውያ እንፋሎት አለስልሶ የሚመጣውን ሰው ስም ይጠብቃል። ምንም ያህል ቢደክም ግን የቀድሞው ስም ጨርሶ አይጠፋም። ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ በፊደሉ ቅርጽ ጠቆር ብሎ ይቀራል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰው አዲሱ ስም ከሥሩ ሌላ ስም እንዳረፈበት ይታያል።

ስለዚህ ማን እንደሚባረር፣ ከተባራሪው እንኳ ቀድሞ የሚያውቀው ሰፊው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የዕቃ ቤት ኃላፊው፣ «ያየኸውን ሆድህ ይፍጀው። አንድ ቃል ከሰማሁ ሥራው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለ ጃኬት ተነጋግረው አያውቁም። አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በቃ።

ከአምስቱ ጃኬቶች አንዱ ግን የታናሽ ወንድሙ ነበር።

ወላጆቻቸው ሲሞቱ ሰፊው ሃያ አራት፣ ታናሹ አሥር ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገው እሱ ነው። ልጁ ጎረመሰና የክለቡ በረኛ ሆነ፤ ጉልበቱ ሲሰበርም የበረኞች አሰልጣኝ አድርገው አስቀሩት። ከሥራው ጋር ክለቡ ሁለት ክፍል ቤት ሰጥቶታል፤ ሚስቱንና ሁለት መንታ ሴት ልጆቹን ይዞ ይኖርበታል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ቤቱን በሠላሳ ቀን ውስጥ ያስረክባል። ሰፊው ይህን የውል አንቀጽ በቃሉ ያውቀዋል። የወንድሙን ስም የጠለፈው ከስምንት ዓመት በፊት ሲሆን፣ በሥራ ዘመኑ ክር ያልቆጠበበት ጥልፍ ያ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዋና አሰልጣኙ ከክለቡ ጋር በስምምነት መለያየቱ ተነገረ። ይህን ወሬ ወደ አግዳሚው ያመጣው መለዋወጫ ዕቃ ሻጩ ነው፤ ነገርን ሁሉ ከባለቤቱ በፊት ስለሚሰማ ሰፈሩ ሰበር ዜና የሚል ስም አውጥቶለታል።

«በስምምነትማ ነው» አለ ሰበር ዜና። «በጉም እኮ ከቢላዋው ጋር ተስማምቷል።»

ደጋፊው ሰውየውን ይወደው ነበር። ክለቡን ከመውረድ አድኖ፣ በሁለተኛው ዓመት ለዋንጫ ፍጻሜ አብቅቶታል። ወሬው እንደሚለው፣ ባለፈው ሽንፈት ማግስት ተጫዋቾቹ ከመልበሻ ክፍል ከወጡ በኋላ ለአራት ረዳቶቹ፣ «ፕሬዚዳንታችን ኳስና ሐብሐብ አይለይም» ብሎ ተናገረ። ንግግሩ በነጋታው ቃል ሳይጎድልበት ፕሬዚዳንቱ ጆሮ ገባ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ሻንጣውን አነሣ።

አግዳሚው ላይ ያን ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረም። ከአራቱ ረዳቶች ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር? ፀጉር አስተካካዩ ምክትሉ ቢያንስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆይ፣ ቡድኑን የሚያውቀው እሱ ነው ይላል። ሰበር ዜና ሁሉም ተጠርገው ይውጡ ባይ ነው። የአካል ብቃት አሰልጣኙ ያሠለጠናቸው ልጆች በሰባኛው ደቂቃ እንደ አሮጌ ባትሪ ያልቃሉ፤ ወጌሻውም ከበረዶ በቀር መድኃኒት አያውቅም፤ ሰው ቢሞት እንኳ በረዶ ነው የሚያስርለት። ስለ በረኞች አሰልጣኙ ግን ሰፊው በሚሰማበት ርቀት ብዙ አይናገሩም ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰፊው ከጮሁት ይልቅ ያንሾካሾኩትን አብልጦ ይሰማ ነበር።

ከሁሉ የሚከበሩት ጡረተኛው መምህር ናቸው። ጋዜጣቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኑረው ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እንደ ፈተና ውጤት ቀስ ብለው ይናገራሉ።

«ማን ይምጣ የሚለው ይደርሳል» አሉ። «አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ ያንን ቃል ከክፍሉ ማን አወጣው ነው። የሰሙት አራት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ነው። እናገኘዋለን።»

«ስናገኘውስ ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

መምህሩ ጋዜጣቸውን ገለጡ።

ረቡዕ የዕቃ ቤት ኃላፊው የመጀመሪያውን ጥቅል አመጣ። ሰፊው በሩን ገርበብ አድርጎ ፈታው፤ ሁለት ጃኬት ነው፤ የዋናውና የምክትሉ። ምላጩን አንሥቶ ነጩን ክር አንድ በአንድ ሲመዝ ከደጅ ፀጉር አስተካካዩ ምክትሉ እንደሚቀር በእርግጠኝነት ሲናገር ይሰማው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንድሙ መጣ። ሳቂታ ሰው ነው፤ የሚስቅበት ነገር ባይኖር እንኳ ወደ ሱቁ ሲገባ የበሩን መቃን እንደ ግብ ምሰሶ ዘልሎ ይነካል። በዚያ ቀን አልነካውም። ጃኬቱን እንደለበሰ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ይህን ለብሰህ ከተማ መሃል ምን ታደርጋለህ?» አለው ሰፊው፣ እስፒሎቹን ወደ መዳፉ ተፍቶ። «ክልክል አይደለም እንዴ?»

ሰኞ ዕለት ከባድ ዝናብ ስለነበር ለብሶት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃ ቤቱ ክፍት ሆኖ አላገኘውም። ይህን ብሎ እጅጌው ተተርትሮ የተንጠለጠለ ክር አሳየው። ሰፊው ጃኬቱን ከጀርባው ሳያስወልቅ እጅጌውን ይዞ በእጅ መርፌ ሰፋለት፤ ልጅ ሳለ የትምህርት ቤት ሸሚዙን እንደሚሰፋለት።

«ጋሼ» አለ ወንድሙ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ። «ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ልጠይቅህ። የእኔ መጥቷል?»

ሰፊው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተጠይቆ መልስ የሰጠው ሰው የለም። ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«አልመጣም» አለ።

ሁለቱም ጃኬቱን እየያዙት፣ አንዱ ለብሶት፣ ሌላው እየሰፋው፣ ነገሩ አልታያቸውም።

ዓርብ ሁለተኛው ጥቅል መጣ። ሰፊው ጋዜጣውን ገለጠ። የአካል ብቃት አሰልጣኙ። ወጌሻው። ጨርቁን አንሥቶ ከሥሩ አየ፤ ሌላ የለም።

«ይኸው ነው?» አለ። ይህም ራሱ ከልማዱ ውጭ ነበር።

«ይኸው ነው» አለ የዕቃ ቤት ኃላፊው፣ ሄደም።

ያን ቀን ማታ ሰፊው ለሚስቱ ምክንያቱን ሳይነግራት ሁለት ጊዜ ሳቀ። እሷም፣ «ደግ ነገር ከሆነ ንገረኝ፤ ክፉ ከሆነ ተወው» አለችው። ተወው።

ቅዳሜ አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቷል። አራቱ ጃኬቶች ተተርትረው፣ በካውያ ተተኩሰው፣ ውስጥ በመጋረጃ ተሸፍነው ተሰቅለዋል። ሰፊው ሥራውን ጨርሶ እስፒሎቹን ሳጥናቸው ውስጥ መልሶ፣ ሻይ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አፉ ባዶ ነበር።

ሰበር ዜና የሦስቱን ረዳቶች መባረር ከመለዋወጫ ሱቁ ሰምቶ መጥቷል። አራተኛውም ሰኞ ይከተላል አለ። ከዚያም ዘወር ብሎ ሰፊውን አየው። «አይቀየሙኝ ጋሼ፣ ሥጋዎ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ያሠለጠነው በረኛ እጁ ወንፊት ነው። ሰኞ ያንን ጃኬት ራስዎ ይተረትሩታል። ምላጩን ዛሬ ይሳሉት።»

ሰዎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የቅዳሜ ሳቅ ነበር። ሰፊው ግን በወንድሙ ላይ ከሚሳቅ በራሱ ላይ ቢሳቅ ይመርጥ ነበር። ሻዩን መስኮቱ ላይ አኖረ።

«የአራቱ መጥቶ ተተርትሯል» አለ። «የእሱ አልመጣም። አይመጣምም። እሱ ይቀራል።»

ሳቁ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ትቶ መቀሱን እንደያዘ ወደ ደጅ ወጣ። ሰፊው አንድ ነገር እንዳሸነፈ መሰለውና ጥቂት ቀና ብሎ ቆመ። ከዚያ የመምህሩ ጋዜጣ ሲታጠፍ ተሰማ።

«ሦስቱ ተባረሩ» አሉ መምህሩ፣ በዝግታ። «አንዱ ቀረ። እና አንተ፣ ብልህ ሰው ነህ፤ እሱ ብቻ ለምን የቀረ ይመስልሃል?»

ሰፊው በረኞቹ ስለሚወዱት ነው ሊል አሰበ፤ በረኞቹ ይወዱት እንደሆነ ግን አያውቅም። አግዳሚው ላይ ማንም ማንንም አላየም፤ ሁሉም መንገዱን ያዩ ነበር። ሰበር ዜና ከመቼውም ይልቅ በትሕትና ደኅና ዋሉ ብሎ ተነሣ፤ እግሩም ወደ ሱቁ አልነበረም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ቃሉ አፋፉን አልፎ ከተማው ውስጥ ሲወርድ ሰፊው በዓይኑ ያየው ያህል ተሰማው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

እሑድ ስታዲየም ገባ። ከልማዱ ውጭ ወደ ላይኛው ደረጃ ወጥቶ ተቀመጠ። ከጨዋታው በፊት ወንድሙ በረኞቹን ለማሟሟቅ ብቻውን ወደ ሜዳ ወጣ፤ ከቀድሞዎቹ የቀረ ሌላ አልነበረም። ሰማያዊ ጃኬቱን ለብሷል። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወደ ደጋፊው ዞሮ እጁን አነሣ።

የዚህ ክለብ ደጋፊ የጠላውን ሰው አይሰድብም፤ ድንጋይም አይወረውርም። ጀርባውን ይሰጠዋል። ከፊት ያለው ረድፍ ተነሥቶ ዞረ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ድምፅ አልነበረም፤ የጫማ ኮቴ ብቻ ከታች ወደ ላይ እየተንኳኳ ወጣ። የሰዎቹ ፊት ሁሉ ወደ ሰፊው ዞረ፤ የሚያውቃቸውም የማያውቃቸውም ዓይኖች አዩት። እሱ ካልዞረ ከሺህ ጀርባ መሃል አንድ ፊት ሆኖ ሊቀር ነው። ከዞረ ደግሞ ያሳደገውን ልጅ ነው ጀርባ የሚሰጠው።

አልዞረም። ፊቱንም አላሳየም። የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ፤ የጫማው ክር ግን ታስሮ ነበር። ቀና ሲል ወንድሙ እጁን አውርዶ ወደ እሱ እያየ ነበር።

ሰኞ አግዳሚው ላይ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ አግዳሚውን ወደ ራሱ ደጃፍ ጎትቶ ወስዶት፣ ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት ብቻ ቀርቷል። ሁለት ደንበኞች ያልተጠናቀቀ ልብሳቸውን ይቅርታ እየጠየቁ ወሰዱ። የሰፊው ሚስት ከወንድሙ ቤት ስትመለስ፣ በራቸው ላይ አንድ ሰው በቀለም ትልቅ ምላስ ስሎበት እንዳገኘች፣ ከመንታዎቹም ጋር በውኃ ቢፈትጉት አልለቅ እንዳለ ነገረችው።

ወንድሙ ከቀትር በኋላ መጣ። አልተቀመጠም።

«ከዕቃ ቤት ኃላፊው ሌላ ጃኬቴ እንዳልመጣ የሚያውቅ ሰው ሁለት ብቻ ነው፤ አንተና እኔ» አለ። «እኔ ለማንም አልነገርሁም።»

ሰፊው ይቅርታ ማለት ነበረበት። ቃሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጥ ያደረው ሌላ ቃል ነበር። ባለፈው ወር ወንድሙ ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሲወጣ አይቶት ነበር፤ ስለ ቤቱ ጣሪያ ልጠይቅ ገብቼ ነው ብሎታል። ጣሪያው በሳምንቱ ተጠገነ። ሰው ሁሉ ውስጥ የሚደበቅ ነገር አለ ብሎ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ያንኑ ዓይን ወደ ገዛ ቤቱ ይመልሳል። የመምህሩ ጥያቄ ከአግዳሚው ተነሥቶ ልቡ ውስጥ ተቀምጧል።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለ ሰፊው። «አንተ ነህ እንዴ የተናገርኸው?»

ወንድሙ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ከዚያ የጃኬቱን ዚፕ ከላይ እስከ ታች ከፈተ፤ አወለቀ፤ በግራ ደረቱ ያለው ስም ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው።

«ትናንት ሺህ ሰው ጀርባውን ሲሰጠኝ፣ ጋሼ አጎነበሰ እንጂ አልዞረም ብዬ ተጽናንቼ ነበር» አለ። «ተርትረው።»

በሸሚዙ ወጣ። የበሩን መቃን አልነካውም።

ማክሰኞ ጠዋት የዕቃ ቤት ኃላፊው ጋዜጣ ሳይዝ፣ ባዶ እጁን መጣ። ጠረጴዛው ላይ ጃኬቱን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እፎይ፣ እዚህ መጣ ለካ!» አለ። «ሳምንት ሙሉ መንጠቆው ላይ ሳጣው፣ ከጀርባው አውልቅ አልለው ነገር ደብዳቤው ምስጢር ሆኖብኝ ነበር።»

ሰፊው ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየውም እንደ ተራ ነገር አስረዳው። የወንድሙ የስንብት ደብዳቤ ከሌሎቹ አራት ጋር ባንድ ቀን፣ ባንድ እስክሪብቶ ተፈርሟል። ንብረት ያላስረከበ ሰው ግን ደብዳቤ አይሰጠውም፤ ደንብ ነው። ጃኬቱ ስላልተመለሰ የበረኞች አሰልጣኙ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። ያንን የሐብሐብ ንግግርም ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሁሉ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ሰምቶታል፤ ሰውየው ድምፁ ወፍራም ነው።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አለ ሰፊው።

«አንተ መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለ የዕቃ ቤት ኃላፊው። «እኔስ መቼ ነግሬህ አውቃለሁ?»

ሰፊው ጃኬቱን እንደያዘ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ሄደ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተናገረውን ያህል ተናገረ፦ ደብዳቤውን፣ መሳቢያውን፣ ዝናቡን፣ በገዛ እጁ የሰፋውን እጅጌ። ሰበር ዜና መሬት መሬት ያይ ነበር። መምህሩ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡት።

«ገባኝ» አሉ። «ተጠቀሙበትና ጣሉት። ጌታውን ከድቶ ወሬ ያቀበለን ሰው፣ ወሬውን የተቀበለው ራሱ አያምነውም። ያልነው እውነት ነበር ማለት ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ነቀነቀ። ሌሎቹም ነቀነቁ። ሰፊው ምንም ቢጨምር ለእነሱ ማስረጃ እንደሚሆን በዚያች ሰዓት ተረዳ፤ ተመልሶ ወደ ሱቁ ገባ፤ ምላጩን አነሣ።

ወንድሙ የሠላሳውን ቀን ፍጻሜ አልጠበቀም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዕቃውን ጭኖ ወደ ሚስቱ ወላጆች ከተማ ሄደ። የሸኘችው የሰፊው ሚስት ናት። መንታዎቹ አልቅሰው እንደሆነ ጠየቃት። አላለቀሱም አለችው፤ የመኪናው መስኮት እስኪርቅ ድረስ በራቸው ላይ ያለውን ምላስ ያዩ ነበር።

አዲሱ የበረኞች አሰልጣኝ በወሩ መጨረሻ ጃኬቱን ሊለካ መጣ። ቁመተ ረጅም፣ ትሑት ሰው ነው። ሰፊው ከኋላው ተንበርክኮ ወገቡን በእስፒል ሲያጠብለት ሰውየው በመስተዋቱ ውስጥ ደረቱን አየ፤ ከአዲሱ ስም ሥር ጠቆር ያለውን ጥላ በጣቱ ዳሰሰ።

«ከእኔ በፊት የማን ነበር አባት?» አለ። «ምን አድርጎ ነው የሄደው? በከተማው አንድ ነገር ይባላል።»

ደጁ ላይ፣ በሌላው ሰው ደጃፍ፣ አግዳሚው ሞልቶ ነበር፤ የተቀመጡትም ጆሯቸውን ወደ ሱቁ ጣሉ። ሰፊው ከሳጥኑ አንድ እስፒል አንሥቶ በከንፈሩ ነከሰ። ሁለተኛውን ጨመረ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ከዚያ ሰውየውን በእጁ ምልክት ዙር አለው፤ ሥራውንም ቀጠለ።